የሮበርታ ፍላክ የ10 ሰዓት ቀረጻ፦ ምኑ ይቀዳል፣ ምኑ አይቀዳም

ጥያቄ፦ «ፒያኖ እየተጫወትኩ እዘፍናለሁ። ከአንድ ቤዝና ከአንድ ድራም ተጫዋች ጋር ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሆቴል ውስጥ እንሠራለን። አሁን ስምንት ዘፈን ያለው አልበም ልናወጣ ነው። የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የሮበርታ ፍላክ ‹ፈርስት ቴክ› የተባለው አልበም በ10 ሰዓት ውስጥ ተቀርጾ አለቀ ሲባል ስለሰማሁ እኛም በአንድ ቀን እንጨርሳለን ብዬ ነበር። ስቱዲዮው ግን ‹እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ፣ በክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ በሚሰማ የምት ቆጣሪ) ነው የሚቀረጸው› አለን። ፕሮዲዩሰራችን ደግሞ ሁለቱ ዝግ ያሉ ዘፈኖች ይፍጠኑ ባይ ነው፤ ‹የፍላክም አልበም ስለተንቀራፈፈ ሦስት ዓመት ወድቆ ቆይቶ ፊልም ነው ያነሣው› ይላል። የማናችን ሐሳብ ነው ልክ?»

ምላሽ፦ ሦስታችሁም ከእውነቱ ቆንጠር አድርጋችሁ ይዛችኋል። 10 ሰዓት የተባለው ልክ ነው፤ ነገር ግን የቀረጻው ጊዜ እንጂ የሥራው ጊዜ አይደለም፤ በአንድ ቀንም አላለቀም። ስቱዲዮው ለየብቻ ይቀረጽ ያለው የሚፈራው ነገር ስላለ ነው፤ የሚፈራውም ነገር በእርግጥ አለ። ፕሮዲዩሰሩ ስለ ፊልሙ የተናገረው እውነት ሆኖ ሳለ የደረሰበት መደምደሚያ ግን የተገለበጠ ነው። ፊልሙ ውስጥ የገባውን ዘፈን ያነሣው ዝግታው ነው።

ከቀኑ እንጀምር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። «ፈርስት ቴክ» የተቀረጸው ኒውዮርክ በአትላንቲክ ስቱዲዮ፣ ከፌብሩዋሪ 24 እስከ 26፣ 1969 ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ጁን ውስጥ ነው። ስለዚህ 10 ሰዓቱ በሦስት ቀን የተከፋፈለ ነው። ፒያኖውን ፍላክ ራሷ፣ ኮንትራባሱን ሮን ካርተር፣ ጊታሩን ባኪ ፒዛሬሊ፣ ድራሙን ሬይ ሉካስ ተጫወቱ። የትንፋሽና የክር መሣሪያዎቹን ያቀናበረው ዊሊያም ፊሸር ሲሆን ፕሮዲዩሰሩ ጆኤል ዶርን ነበር። ካርተር ከዚያ በፊት ከታዋቂው የጃዝ ሙዚቀኛ ከማይልስ ዴቪስ ጓድ ጋር ዓመታት የሠራ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ቤዝ ተጫዋች አጠገብ የተቀመጠች ፒያኒስት ሙዚቃው ቆመ ወይስ ሄደ ብላ አትጨነቅም፤ ይህን በልብዎ ያዙልኝ።

ፍላክ ያን ጊዜ 32 ዓመቷ ነበር። በ15 ዓመቷ በፒያኖ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ ዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ዋሽንግተን ያሉ አበሾች የሚያውቁት፣ ከዩ ስትሪት ብዙ የማይርቅ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመታት የትምህርት ቤት መምህርት ሆና ሠርታለች። ማታ ማታ ቲቮሊ በሚባል ምግብ ቤት የኦፔራ ዘፋኞችን በፒያኖ ታጅብ ነበር፤ ከ1968 ጀምሮ ደግሞ ካፒቶል ሂል ላይ ባለው ሚስተር ሄንሪስ ምግብ ቤት የራሷን ዘፈኖች በቋሚነት ማቅረብ ያዘች። የጃዝ ፒያኒስቱ ሌስ ማካን ከአትላንቲክ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ያገናኛት ዋሽንግተን ውስጥ ሰምቷት ነው። ሹካና ቢላ በሚንኳኳበት፣ ሰው በሚያወራበት ክፍል ስትዘፍን የከረመች ድምፃዊት ስቱዲዮ ስትገባ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደምትወስድ፣ የቱን ቃል ጎትታ የቱን እንደምትለቅ ጨርሳ አውቃዋለች። «ፈርስት ቴክ» («የመጀመሪያ ቅጂ») የሚለውንም ርዕስ ቃል በቃል ወስዳችሁ እያንዳንዱን ዘፈን አንዴ ብቻ ተጫውታችሁ ለመውጣት አትቸኩሉ።

የእናንተን ሒሳብ እንሥራው። ስምንት ዘፈን፣ እያንዳንዱ 6 ደቂቃ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ሙሉውን ብትጫወቱ 144 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው። የቀረጻችሁትን መልሳችሁ ለመስማት ያንኑ ያህል ጨምሩ፤ 5 ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዘፈን መካከል ለማረፍና ማይክ ለማስተካከል ሌላ 2 ሰዓት፣ መጀመሪያ መሣሪያ ለመትከልና ድምፅ ለመፈተሽ 2 ሰዓት። ይኸው 9 ሰዓት ሆነ። ስለዚህ 10 ሰዓት ለተዘጋጀ ሰው የሚበቃ ጊዜ ነው፤ ተአምርም አይደለም። ስቱዲዮ ውስጥ «መግቢያውን እንዴት እናድርገው?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ ግን አንዱ ዘፈን ብቻውን 3 ሰዓት ይበላል። የኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ሰው ፊት ቢያንስ 15 ጊዜ ያልተዘፈነ ዘፈን በዚህ መንገድ አይቀረጽም። ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ከሠራችሁ ይህ የሁለት ወር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ፕሮዲዩሰራችሁ። «ወድቆ ነበር» የሚለው አባባል ነገሩን ያለ ልክ ያጋንነዋል። አትላንቲክ በ1970 ሁለተኛ አልበሟን፣ በ1971 ሦስተኛውን አውጥቶላታል፤ በ1971 ከዶኒ ሃታዌይ ጋር የዘፈነችው ነጠላ ዜማ የአሜሪካው ቢልቦርድ መጽሔት የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ ላይ 29ኛ ደርሷል። የወደቀች ዘፋኝ ይህን ሁሉ አታገኝም። የመጀመሪያው አልበም ዘግይቶ የታወቀበት ምክንያት ሌላ ነው። ስምንቱ ዘፈኖች በድምሩ 46 ደቂቃ ገደማ ናቸው፤ አጭሩ እንኳ ከ4 ደቂቃ ያልፋል። የዘመኑ ሬዲዮ ደግሞ 3 ደቂቃ ገደማ የሆነ ነጠላ ዜማ የለመደ ነበር። ከርዝመቱ ሌላ አልበሙን የቱ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ እንደሚገባ ግራ ያጋባል። የመጀመሪያው ዘፈን፣ የጂን ማክዳንየልስ «ኮምፔርድ ቱ ዋት»፣ የቬትናምን ጦርነት የሚተች ነው፤ በካርተር ቤዝ ይጀምርና ድምጿ እስኪገባ ድረስ እግርዎ መምታት ጀምሯል። ሁለተኛው በስፓኒሽ የተዘፈነ ሲሆን ሠዓሊን «መላእክትን ስትሥል ጥቁሮቹን ለምን ትተዋለህ?» ብሎ ይሞግታል። አራተኛው የጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙር፣ አምስተኛው የካናዳዊው ሊዮናርድ ኮኸን፣ ስድስተኛው የእንግሊዛዊው ኢዋን ማኮል፣ የመጨረሻው ደግሞ ከ1950ዎቹ የመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ የተወሰደ ነው። የሶል አድማጭ «ቀዝቃዛ ነች» ሊላት ይችላል፤ የጃዙ ሰው ደግሞ «ፒያኖዋን ብዙ አላሰማችንም» ይላል። ሁለቱም እንዲህ የሚሉት በአንድ ምክንያት ነው፤ ሴትየዋ ትቆጥባለች።

ስድስተኛው ዘፈን፣ «ዘ ፈርስት ታይም ኤቨር አይ ሶው ዩር ፌስ»፣ የጥያቄያችሁ እምብርት ነው። ማኮል በ1957 ሲጽፈው አጠር ያለ፣ ጊታር ይዞ የሚባል ፎክ ዘፈን ነበር። ፍላክ ያንኑ ግጥም ምንም ሳትጨምርበት 5 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አደረሰችው። የፊልም ተዋናይና አዘጋጁ ክሊንት ኢስትዉድ የ1971 ፊልሙን ሲሠራ ይህን ዘፈን ለመጠቀም 2,000 ዶላር ከፈለ። ፍላክ ራሷ እንደተናገረችው፣ ስልክ ሲደውልላት «በጣም ዝግ ይላል፣ እንደገና ልቅረጸው» ብላው ነበር፤ እሱ «አይ፣ አይደለም» አላት። እንግዲህ ዘፋኟ እንኳ ተጠራጥራለች፤ የእናንተ ጥርጣሬ የሚያሳፍር አይደለም። ፊልሙ ያደረገላት ነገር ጣቢያ መቀየር የማይችል አድማጭ መስጠት ነው። ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ዘፈኑ እስኪጀምርለት አይሰለችም፤ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ይሰማል።

ከዚያ በኋላ አትላንቲክ ዘፈኑን አንድ ደቂቃ ያህል አሳጥሮ በነጠላ ዜማ አወጣው። ልብ በሉ፣ አሳጠረው እንጂ አላፈጠነውም። በ1972 የቢልቦርድ የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ ላይ ለስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፣ የዓመቱም አንደኛ ዘፈን ተባለ። ከወጣ ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው አልበምም በዚያው ጸደይ የአልበሞቹን ሰንጠረዥ ለአምስት ሳምንት መራ። በ1973 የግራሚ የዓመቱ ምርጥ ቅጂ ሽልማት ለፍላክና ለዶርን ሲሰጥ የዓመቱ ምርጥ ዜማ የሚለው ለደራሲው ለማኮል ሄደ። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2020 ባወጣው የ500 ምርጥ አልበሞች ዝርዝር ውስጥም 451ኛ ሆኖ ገብቷል። ፍላክ በፌብሩዋሪ 24፣ 2025 ዐረፈች፤ የዚያ ቀረጻ የመጀመሪያ ቀን ልክ 56 ዓመት በሞላበት ዕለት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ዘፈኖች አታፍጥኑ። ይህን ስል ግን ዝግታ በራሱ ዋጋ አለው ማለቴ አይደለም። ዝግ ያለ ዘፈን የሚሰለቸው በሚታወቁ ምክንያቶች ነው፤ አብዛኞቹም የሚስተካከሉ ናቸው። አንደኛ፣ ተጫዋቾቹ ባዶውን ቦታ ይፈሩታል። በደቂቃ 50 ምት በሚሄድ ዘፈን ከምት እስከ ምት 1.2 ሰከንድ አለ፤ አንድ ባለአራት ምት ቤት 4.8 ሰከንድ ይፈጃል። ድራሙ በየቤቱ መጨረሻ ሙሊት (ባዶውን የሚሞላ ተጨማሪ ምት) ከጨመረ፣ ፒያኖው ከሥር ከሥር ከተከተለ፣ ዘፈኑ ዝግ ማለቱ ቀርቶ የተጨናነቀ ይሆናል፤ አድማጭ «ይንቀራፈፋል» የሚለው ይህንን ነው። ሁለተኛ፣ የፒያኖው ግራ እጅ ቤዙ ያለበት ቦታ ላይ ይወርዳል። ብቻዎን መጫወት ስለለመዱ መሠረቱን ራስዎ ይመታሉ፤ ቤዙም እዚያው ይመታል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ታችኛው ድምፅ ይጎፈንናል። ፍላክ ለካርተር ቦታ ስትለቅለት ይስሙ። ለአንድ ሳምንት ግራ እጅዎን ከመካከለኛው ዶ አንድ ኦክታቭ በታች ሳያወርዱ ይለማመዱ። ሦስተኛው ፔዳል ነው። በዝግታ ውስጥ ኮርድ በተቀየረ ቁጥር ፔዳሉ ካልታደሰ የቀደመው ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል፤ ሆቴል ውስጥ የሰው ጫጫታ ይሸፍንልዎታል፣ ስቱዲዮ ግን አይሸፍንም። የመጨረሻው፣ የተጎተተ ቃል ላይ አናባቢውን ቶሎ ጨርሶ ትንፋሽ መውሰድ ነው። እስከሚቀጥለው ምት የማይደርስ ትንፋሽ ካለዎት ሐረጉን ከፍለው ይዝፈኑት፤ ዘፈኑን አያፍጥኑት።

ስቱዲዮው የሚፈራው ምንድን ነው? ድምፅ ወደ ማይክ ሾልኮ መግባቱን ነው። ፒያኖ እየተጫወቱ ሲዘፍኑ የድምፅዎ ማይክ ፒያኖውን ይሰማል፣ የፒያኖው ማይኮችም ድምፅዎን ይሰማሉ። ውጤቱ ከባድ ነው። አንድ ቃል ከስልት ቢወጣ በኮምፒዩተር ማቃናት አይቻልም፤ ቃሉን ሲያነሡት አብሮት የገባው ፒያኖ ይነሣና ከእውነተኛው ፒያኖ ጋር ይጣላል። ድምፁን ብቻ ደግመው ልቅረጽ ቢሉም አሮጌው ድምፅ በፒያኖው ማይኮች ውስጥ እንደ ጥላ ይቀራል። ያለው አማራጭ ሙሉውን ሐረግ፣ ድምፅም ፒያኖም፣ ከሌላ ቅጂ ቆርጦ መተካት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሁለቱ ቅጂዎች ፍጥነታቸው አንድ መሆን አለበት። ክሊክ የሚሉትም ለዚህ ነው። ሥጋታቸው ልክ ነው፤ መፍትሔያቸው ግን የእናንተን ዓይነት ሙዚቃ ይገድላል። ሦስት ሰው ተያይቶ የሚጫወተውን ዘፈን ሦስት ቀን ለያይቶ መቅረጽ እየተጠባበቁ የሚሄዱትን ሰዎች ማፋታት ነው።

እንዲህ ይደረግ። ስቱዲዮው እውነተኛ ግራንድ ፒያኖ ካለው ቃኚው በቀረጻው ዋዜማ ሳይሆን በዚያው ዕለት ጠዋት ይምጣ፤ በሁለተኛውም ቀን ጠዋት ይመለስ። ክዳኑን በአጭሩ ድጋፍ ከፍ አድርጉት፤ ሁለት ማይኮች ከክሮቹ 20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ይቀመጡ። የድምፅዎ ማይክ ከፊት ብቻ የሚሰማው ዓይነት ይሁን፤ ከአፍዎ 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ጀርባው ወደ ፒያኖው ክሮች ዞሮ ይተከል። ከኋላዎ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሰቀል፤ አለዚያ ፒያኖው ግድግዳ ነክቶ ተመልሶ በማይኩ ፊት ይገባል። የኖታ ማስቀመጫውን ንቀሉት፤ ድምፅዎን እንደ መስታወት ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ግጥሙንም ኮርዱንም በቃልዎ ይያዙ። ወንበሩና ፔዳሉ እንዳይንጫጩ አስቀድመው ይፈትሹ፤ በዝግታ ዘፈን ውስጥ አንድ ጩኸት ጥሩውን ቅጂ ያበላሻል።

ግራንድ ፒያኖ ከሌለ ያረጀ ቋሚ ፒያኖ ፈልጋችሁ አትንከራተቱ። ባለ 88 ቁልፍ፣ ቁልፉ ክብደት ያለው ኪቦርድ በቀጥታ መስመር (ያለ ማይክ፣ በገመድ) ይቀረጽ፤ ሾልኮ የመግባቱ ችግር በአብዛኛው ይጠፋል፤ ድምፅዎንም ለብቻው ማስተካከል ይቻላል። የሚቀረው የቁልፎቹ ኳኳታ ነው፤ መቆሚያው ምንጣፍ ላይ ይቁም፣ ማይኩም ከአፍዎ በታች ሆኖ ጀርባውን ለቁልፎቹ ሰጥቶ ወደ ላይ ይመልከት። ፒያኖው እንደ እውነተኛው አይተነፍስም፤ ለመጀመሪያ አልበም ግን የምመርጠው ይህን ነው፤ ያልተቃኘ እንጨት ፒያኖ ላይ የጠፋ ቀን አይመለስም። ድራሙ በር ባለው ሌላ ክፍል፣ መስታወት ካለም በሚያያችሁ ቦታ ይሁን። ቤዙ በቀጥታ መስመር ይግባ። የቀረጻው ልክ በጣም ጮክ ባላችሁበት ቦታ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ይድረስ፤ ከዚያ በላይ መግፋት ምንም አይጠቅምም።

ክሊኩ ነገር፦ ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት 10 ሰከንድ ያህል አሰሙትና አጥፉት። በ50 ምት አንዱን ምት ለሁለት ከፍሎ የሚመታ ክሊክ ይሻላል፤ 1.2 ሰከንድ ዝምታ ውስጥ ሰው ይቸኩላልና። እንዲህ ሲደረግ ቅጂዎቹ ተቀራራቢ ፍጥነት ይኖራቸዋል፤ ከሁለት ቅጂ ቆርጦ መገጣጠምም ይቻላል። ዘፈኑ 50 ጀምሮ 52 ቢጨርስ ማንም አይሰማውም። በሁለት ቤት ውስጥ ቢዘል ግን ሁሉም ይሰማዋል።

ጊዜውን ሁለት ቀን ተኩል አድርጉት። በመጀመሪያው ቀን አራት፣ በሁለተኛው አራት ዘፈን፤ ግማሹ ቀን ለተበላሸው መመለሻ። ዝግ ያሉትን ሁለቱን ለየቀኑ ከፋፍላችሁ በየቀኑ ሁለተኛ ቅረጿቸው፤ ዝቅ አድርጎ የሚዘፈን ዘፈን የደከመ ድምፅ ያጋልጠዋል፤ ገና ያልሞቀ ጉሮሮም አይችለውም። ሦስተኛው ቅጂ ካልሆነ አራተኛው እንደማይሆን ቁጠሩና ወደ ሌላ ዘፈን እለፉ። ክር ወይም ትንፋሽ የምትጨምሩ ከሆነ አቀናባሪው የተመረጠውን ቅጂ ሰምቶ ይጻፍ፤ ክሊክ በሌለበት ቀረጻ ላይ ቀድሞ የተጻፈ ቅንብር አይገጥምም።

ከስምንቱ ውስጥ የሌላ ሰው ዘፈን ካለ ቀረጻው ሳይጀመር ከግጥምና ዜማ ደራሲዎቹ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ ዘፋኙ «ዝፈኑት» ቢላችሁ አይበቃም። «ፈርስት ቴክ» ላይ ካሉት ስምንት ዘፈኖች አንዱንም ፍላክ አልጻፈችውም፤ ግራሚውም ለሁለት የተከፈለው ለዚሁ ነው።

ለሬዲዮና ለማኅበራዊ ሚዲያ አጭር ስሪት ካስፈለገ ከመግቢያውና ከመሃል ሙዚቃው ላይ ይቆረጥ፣ ዜማው አይነካ። የሚቆረጥበትን ቦታ ከቀረጻው በፊት ወስናችሁ እዚያ ላይ ድራሙ ሲምባል እንዳይመታ አድርጉ፤ የሚንጓጓ ሲምባል መሃል ላይ ሲቆረጥ ያስታውቃል። አልበሙ ላይ ሙሉው ይቀመጥ። ስቱዲዮው በዚህ መንገድ አልሠራም ካለ፣ ወይም ለድራሙ የተለየ ክፍል ከሌለው፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ሌላ ፈልጉ።